የባሕረኛው የመጨረሻ ትንበያ

ደሳለ ባሕረኛው በሕዳር ሚካኤል ጠዋት አውድማው መሀል በግንባሩ ተደፍቶ፣ ቆርቆሮ ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ጥድ አምባም እንደ ልማዷ ቀድማ ፈረደች። «የጠራው ነፋስ በላው» አሉ። አንዳንዱማ አፉን በነጠላው ጋርዶ ሳቀ፤ በሚካኤል ቀን፣ ሬሳ ፊት ቆሞ። እግዚአብሔር ይይላቸው።

ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ስልክ ሲደወልላት ብልባላ ነበረች። ለአንድ የከብት ስርቆት ጉዳይ ሄዳ እዚያው አድራለች። ጠዋት ሚካኤልን ልሳለም ብላ ነጠላዋን ስታጣፋ ነው «ጥድ አምባ ሰው ሞቷልና ድረሽ» ያሏት። ከደጅ ተሳልማ፣ ወደ ላሊበላ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ስትደርስ ነጠላዋ፣ ቅንድቧ፣ ጥርሷ ሳይቀር አቧራ ብቻ ነበር።

ደሳለን በስም ታውቀዋለች። ላስታ ውስጥ የማያውቀው የለም። በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሎ፣ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ባሕር አይታ ለማታውቅ መንደር ስለ ባሕር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ማውራት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይሳደብም ነበር። «እናንተ የምታውቁት ማዕበል ድስት ውስጥ የሚፈላውን ነው» ይላቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ አንድ አውሎ ነፋስ ተነሣ ብሎ ሥራ ፈትቷል። በስልኩ የደመናውን ሥዕል እያየ፣ ዛሬ ሶማሌ ጠረፍ ደረሰ፣ ዛሬ የብስ ረገጠና ጉልበቱ ቀነሰ፣ ውሃውን ግን እንደ ተሸከመ ወደ እኛ እየመጣ ነው እያለ፣ መንደሩን ሲያስጨንቅ ሰነበተ። እህሉ ማሳ ላይ ቆሟል፤ በአጨዳ ወቅት የሚመጣ ዝናብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ አይነገርም።

«ማንም አልነካውም ኢንስፔክተር» አለ የቀበሌው ጸጥታ ኃላፊ ደርበው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ነፋሱ የጎጆውን ቆርቆሮ አንስቶ ማጅራቱን መትቶታል። ጽፈን እንዝጋው። በዓል ነው፤ ጠላውም ደርሷል።»

«ጠላው የትም አይሄድም። ደግሞ ጫማህን የት ጣልከው?»

«ዳር አወለቅሁት እንጂ! አውድማ ላይ በጫማ ልወጣ? እኔ ሰው አይደለሁም? እዚህ አገር እኮ ሌባው እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሰርቅ።»

ባንቺዓለምም አማትባ ጫማዋን አወለቀችና ወጣች። አውድማው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ነፋስ የሚገኘው እዚያ ነዋ፣ ያለ ነፋስ እህል ከገለባው አይለይ። ገና ትናንት በእበት ተለቅልቋል። አሁን ደርቆ ጠንክሯል፤ ደርበውና ሬሳውን ያገኙት ሰዎች ሲመላለሱበት ምንም ዱካ አላረፈበትም።

ቆርቆሮውን ገልጣ ማጅራቱን አየችው። ቆርቆሮ ይቆርጣል። ይህ ግን አልተቆረጠም፤ ተፈርክሷል።

ቀጥላ ቆርቆሮው የተነሣበትን የጠባቂ ጎጆ ዞረችው። ጣራው ሚስማር አልነበረውም፤ ድንጋይ ነበር የተጫነበት። ድንጋዮቹ መሬት ላይ፣ በአንድ በኩል ተጠጋግተው በሥርዓት ተቀምጠዋል።

«አየህ ደርበው፣ እንዴት ያለ ጨዋ ነፋስ ነው» አለች። «ድንጋዩን አንድ በአንድ አውርዶ፣ ደርድሮ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ወሰደ። የጎረቤቱንስ አውድማ አየኸው? ያ ሁሉ ገለባ ክምሩ ሳይነካ አድሯል። ሰው የሚገድል ነፋስ ገለባ መበተን አቃተው?»

ደርበው ጆሮውን አከከ። ከዚያ በአንድ ጊዜ አዲስ ሰው ሆነ። «እንግዲያ ሰው ነው የገደለው! ሰው ከሆነ ደግሞ ሰውአገኝ ነው! አምጡት ያንን!» ብሎ ጮኸ። ከነፋስ ወደ ሰውአገኝ ለመዞር አንድ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደበትም።

ባንቺዓለም ግን ተንበርክካ ልቅለቃውን ታይ ነበር። ትናንት እበቱ ሳይደርቅ ሁለት ዓይነት ዱካ አርፎበታል። አንደኛው የራሱ የደሳለ ሰፊ ባዶ እግር ነው። ሁለተኛው የጫማ አይደለም፤ ባዶ እግርም አይደለም። ጣቶቹ አይለዩም፤ ውስጡ እንደ ወንፊት ጥቃቅን መስመር አለበት። ከዳር ወደ መሀል ገብቶ፣ ከመሀል ወደ ጎጆው፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ ዳር ይወጣል። ከደሳለ እህት እንቅብ አስመጣችና ከሁሉ ጎልቶ በሚታየው ዱካ ላይ ደፋችበት።

«ማንም እንዳያነሣው» አለች።

የደሳለ እህት ወለተ ሐና ከአውድማው ዳር ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። ባንቺዓለም አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ወለተ ሐና። መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እኔ ልየው! ጀምበር ስትጠልቅ እራቱን ይዤለት መጣሁ። የለቀለቅሁት ሳይደርቅ መሀሉ ላይ ተጎልቶ ስልኩን ይጎረጉራል። ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው ይላል። ልፋቴን አበላሸህብኝ ብዬ ከዳር ቆሜ ሰደብኩት። ሰድቤው ተለየሁ፣ እህቴ።»

«ዝናብ ይመጣል እየተባለ ግን እንዴት ለቀለቁ?»

«ማነው ይመጣል ያለው? ደሳለ አይደለም? እሱ ይመጣል ካለ አይመጣም ብዬ ነዋ! በበዓሉ ይደርቅልኛል፣ በማግሥቱ እንወቃለን ብዬ ነው።»

«ምን አለዎት ታዲያ?»

«‹ዞሯል› አለኝ። ‹ተሰነጠቀ፤ እኛን ትቶ ወደ ሰሜን ነው። ሌሊቱን ብልባላ ላይ ነው የሚወርድ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ፣ እህላቸውን እንዳይሰጡ› አለ። እኔ ምኑም አልገባኝ። እራትህን ብላ ብዬው ሄድኩ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? እንዲስቁብኝ?»

ይህን ጊዜ ሰውአገኝን የፊጥኝ አስረው አመጡት። ከኋላው እናቱ አመተ ማርያም መሬት ላይ እየተነጠፈች ትከተላለች። ልጁ ሰሞኑን መንደር መሀል ቆሞ፣ «ስንዴዬን እሸቱን አሳጨድከኝ፤ ዝናቡ ካልመጣ ጭንቅላትህን ነው የማፈርሰው» ብሎ ደሳለ ላይ መዛቱን ያልሰማ የለም።

«ብለሃል?»

«ብያለሁ» አለ ሰውአገኝ። «ይመጣል ብሎ ያሳጨደኝ ሰው ነው። ልጆቼ ምን ይብሉ? ግን እጄን አላነሣሁበትም። ማርያምን!»

«ከሰዓት የወልዲያ መኪና ይመጣል። በዚያ እንልከዋለን» አለ ደርበው፣ እጁን እያፋተገ።

አመተ ማርያም የባንቺዓለምን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «ልጄ፣ እናት ካለሽ፣ ልጅ ካለሽ፣ ይሄን አንድ ፍሬ አትውሰጅብኝ። ወልዲያ የገባ መች ይወጣል? እህሉም እሸት ቀርቷል፣ እሱም ከሄደ ቤቴ ተዘጋ።»

ባንቺዓለም አነሣቻት። የልጁን እግር አየች። ሰፊ፣ ባዶ፣ ተረከዙ እንደ ክረምት ማሳ የተሰነጣጠቀ። 

ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ መጡ፤ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ነጠላ ጫማቸውን እያንሿከኩ። ከደሳለ ጋር ዓይንና ናጫ እንደ ነበሩ መንደሩ ያውቃል።

«የቤተ ክርስቲያኑን ድምጽ ማጉያ ከልክለውታል አሉ።»

«ከልክዬዋለሁ» አሉ መሪጌታ፣ ሳያፍሩ። «የሚመጣውን የሚያውቅ አንድ አምላክ ነው። እሱ ግን በስልኩ አየሁት ይላል። ያ ከተሜ ባለሙያ ፍቅርአዲስ የደሳለን ወሬ ለቅሞ በራሱ ማጉያ ሲያስተጋባው ግን ማን ይከልክለው? እሱ ከረባት አስሯላ! ደሳለ ሲናገር የሳቀ ሁሉ፣ ባለ ከረባቱ ‹በሚካኤል ማታ ጥድ አምባ ላይ ይወርዳል› ሲል ደነገጠ። ያን ሲያይ የጋሸናው ነጋዴ አዝመራው እንደ ጆቢራ አሞራ አንዣበበ። ‹ከሚበሰብስባችሁ ማሳው ላይ እንዳለ ስጡኝ› ብሎ፣ በትንሽ ዋጋ ሁሉንም አስማማ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ፊት ሽያጩን ሊያጸኑ፣ እጅ ሊማቱ ነበር።»

«ተማቱ?»

«ሬሳ እያለ? እንዴት ተብሎ!»

ባለ ከረባቱ ፍቅርአዲስ ከላሊበላ በሞተር ሲደርስ ፀሐዩ ከፍ ብሏል። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ማንንም ሰላም ሳይል፣ ጫማውን እንደ ተጫማ፣ ቀጥ ብሎ አውድማው ላይ ወጣ።

«ውረድ! ውረድ አንተ!» ብሎ ሕዝቡ ተነሣበት። አንዲት አሮጊት ድንጋይ አነሡ። «ያሳዳጊ ያለህ! እህል ልትረግጥ?»

«ምንድን ነው? ወለል አይደለም እንዴ?» አለ ፍቅርአዲስ፣ ግራ ገብቶት።

ባንቺዓለም በረጅሙ ተነፈሰች። እግዚአብሔር አንዳንዱን ሰው በድንቁርናው ያድነዋል አለች በልቧ።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ላሊበላ፣ ሆቴል። ከቢሮ እንግዶች ጋር። ደግሞም ትንበያው የእኔ አይደለም፤ የሰውየው ነው። ባይደርስም ተጠያቂ አይደለሁም።»

«ሲያስጨንቅ ያንተ፣ ሲከሽፍ የሰውየው?»

ፍቅርአዲስ ከረባቱን አስተካከለ።

ነጋዴው አዝመራው የተገኘው ከመንገዱ ዳር፣ ከአይሱዙው መርገጫ ላይ ተቀምጦ ነው። ጠዋት መጥቶ ለቅሶ ደራሽ መስሏል። ጥቁር ሹል ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። እግሩን አጣምሮ ሲቀመጥ ሱሪው ከፍ አለና ቁርጭምጭሚቱ ታየ፤ ባዶ። የሕዳር ውርጭ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ወቅት፣ እንዲያ ያለ ጫማ ውስጥ ባዶ እግር።

«ምን ያለ ሰው ነው የሞተብን፣ እህትዓለም» አለ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። መዳፉ ደረቅ ነበር። «ደሳለ ማለት ለእኔ ወንድም ነበር።»

«ማታ አይተኸው ነበር?»

«የት አይቼው! ትናንት ከሰዓት ነው ወደ ብልባላ የወጣሁት። እዚያው አደርኩ። ዝናቡ ሲደበድበን አደረ እኮ! መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቃ፣ ንጋት ላይ በስንት መከራ አወጣኋት።»

«አይ ዝናብ» አለች ባንቺዓለም፣ ነጠላዋን እያራገፈች። «እናንተ ደግሞ በዚህ ሥራችሁ ብዙ ታያላችሁ።»

«ብቻ ተመስገን ነው» አለ አዝመራው።

እሷም ተመስገን አለችና ከእሱ ራቅ ብላ ስልኳን አወጣች። በስተደቡብ ወዳለችው ኮን ከተማ ደወለች። አንዴ ብቻ፣ አጭር ጥያቄ ጠየቀችና ዘጋች።

የወልዲያው መኪና ሲመጣ ባንቺዓለም አላስነሣችውም። ሬሳው ወደ ቤት ገብቷል። መንደሩን፣ መሪጌታን፣ ፍቅርአዲስን፣ አዝመራውን፣ እስረኛውንም ሳይቀር አውድማው ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ደሳለን ማንም አልወደደውም» ብላ ጀመረች። «አትሸማቀቁ፣ ሳትወዱት ኖራችኋል፣ አሁን ብታለቅሱ ማንም አያምናችሁ። ጠዋት ነፋስ ገደለው አላችሁኝ። ነፋሱ ገለባ አልበተነም። ድንጋይ ግን ደርድሮ ተገኘ። ደሳለ በድንጋይ ነው የተመታ፤ ቆርቆሮው በኋላ ነው የተጫነበት። ነፋስ ገደለው እንድትሉ ነው፤ ተዘጋጅታችሁ ትጠብቁ ነበርና አላችሁ።»

እንቅቡን አነሣችው። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።

«ወለተ ሐና ትናንት ለቀለቀች። ማታ እርጥብ ነበር፣ ጠዋት ደርቋል። ስለዚህ ይህ ዱካ የማታ ነው። እዩት፤ የጫማ ነው?»

«አይደለም!»

«ባዶ እግር ነው?»

 ደርበው ጎንበስ አለና «የካልሲ ጥልፍ ነው» አለ።

«የካልሲ ነው። እንግዲህ ሰውአገኝ ካልሲ አድርጎ ያውቃል? እናቱን ጠይቋት፤ ቢያገኝ አንገቱ ላይ ይጠመጥመው ነበር። መሪጌታ በነጠላ ጫማ ናቸው። ካልሲ የሚያደርጉ ሁለት ናቸው፤ ይሄ ከረባቱና አቶ አዝመራው። ከረባቱ ደግሞ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በጫማው ወጣ። አውድማ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ማታ ሊገድል ቢመጣ ጫማውን ሊያወልቅ ነው?»

ሕዝቡ መሀል አንድ ሳቅ አመለጠ። ፍቅርአዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለማወቁ ደስ አለው።

«ይህ ሰው ግን ገበሬ ያሳደገው ነው» አለች። «ነፍስ ሊያጠፋ መጥቶ፣ ከዳር ቆሞ ጫማውን አወለቀ። እህሉን ፈራ። እግዚአብሔርን ግን አልፈራም።»

አዝመራው ሳቀ፣ በጣም ቀደም ብሎ። «እህትዓለም፣ እኔ ብልባላ ነበርኩ አልኩሽ እኮ። ዝናብ ይዞኝ!»

«ብለኸኛል። እኔም ብልባላ ነበርኩ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

«እዚያው አድሬ ነው የመጣሁት። ጠብ አላለም። ይህ ነጠላዬ ላይ ያለው የብልባላ አቧራ ነው፤ የመኪናህ ጎማ ላይም ጭቃ የለም። ማዕበሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ኮን ላይ ነው የዘነበው፤ ጠይቄያለሁ። ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ከረባቱ በማጉያ ያለው ‹ጥድ አምባ ላይ ይወርዳል› ነው። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ሰው ሲዋሽ የሰማውን ይዋሻል። አንተ ብልባላን ከየት አመጣኸው?»

አዝመራው ዓይኑን ወደ አይሱዙው ላከ።

«ደሳለ ጀምበር ስትጠልቅ አዲስ ነገር አየ። ‹ብልባላ ላይ ነው የሚወርድ› አለ። የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ወለተ ሐና ናት፤ ለማንም አልተነፈሰችም። ሁለተኛው ከእሷ በኋላ የመጣው ነው። ለምነኸዋል መሰለኝ፤ እጅ እስክንማታ አንድ ቀን ዝም በል ብለኸዋል። ደሳለ ዝም የሚል ሰው ነው? ለድሀ አዝኖ እንኳ ባይሆን፣ እኔ ነኝ ያወቅሁት ብሎ ለመፎከር ሲል ይናገር ነበር። ስለዚህ መታኸው። ብልባላ አልሄድክም፤ ያንን መኪና ከአንዱ ጥሻ ደብቀህ ውስጡ ተኝተህ አደርክ። ዝናቡንም ሰውየው እንደ ነገረህ ዘነበ ብለህ ደመደምክ። ሳታይ።»

«ማስረጃ የለሽም!» አለ አዝመራው።

«ጌቶች፣ አውድማው ላይ እንውጣ» አለች እሷ። «መሪጌታ ለሟች ፍትሐት ያድርሱልን።»

ሰው ሁሉ ሳይታዘዝ ጫማውን አወለቀ። ደርበው የሰውአገኝን እጅ ፈታ፤ እናቱ ናት ገመዱን የነጠቀችው። መሪጌታ ወጡ። ፍቅርአዲስ እንኳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ከዳር ጫማውን ተጫምቶ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በጫማው እንዳይወጣ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ እንዳያወልቅም ፈራ።

«አውልቅ እንጂ፣ አዝመራው» አሉ መሪጌታ። «ያባትህ ልጅ አይደለህም?»

ደርበው ጎትቶ አወለቀለት። ሹሉን ጫማ ገልብጦ መሬት ላይ ቢመታው፣ ከውስጡ የደረቀ እበት ቅርፊት ቅርፊቱን ረገፈ። ካልሲውን ጥሎታል፤ ጫማውን ግን ከውጭ ብቻ ነው የወለወለው። ሰውየውን እንደዚያው በባዶ እግሩ ወደ ወልዲያው መኪና ወሰዱት። ጫማውን የሚያነሣለት አልተገኘም።

ቀብሩ ላይ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ሰውአገኝ ነበር። ማንም አልጠየቀው፤ ራሱ ገባ።

ማታ ባንቺዓለም ወለተ ሐናን ልትሰናበት ገባች። ሴትዮዋ የወንድሟን ስልክ እቅፏ ውስጥ ይዛ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ብልባላ እውነት አልዘነበም?»

«አልዘነበም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ መጨረሻውንም ተሳስቷል።»

«ተሳስቷል።»

ወለተ ሐና ስልኩን አገላብጣ አየችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «ዕድሜ ልኬን ተሳሳትክ ተሳሳትክ እያልኩ አቃጥለው ነበር። ልክ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ያመልጥ ነበር፣ አይደል?»

«ያመልጥ ነበር። የዚያ የሰውአገኝ እናትም ቤቷ ይዘጋ ነበር።»

«ተመስገን» አለች ወለተ ሐና፣ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች። «ተመስገን ተሳሳተ።»